እሱ ሲመጣ

ሰልፉ ገፋው። ወጋየሁ ዳር ቆሞ ማየት ብቻ ነበር የፈለገው፤ የለቡ የጠዋት ሰልፍ ግን ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ቦታ የለውም። ሚኒባሱ በቅጡ ሳይቆም ከኋላው የነበሩት እየገፉ አስገቡትና ራሱን መጨረሻው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጥግ ተቀምጦ አገኘው። ማስኩን ወደ ላይ ሳበ፤ ኮፍያውን ዝቅ አደረገ። የሚከታተላቸው ሁለቱ ሰዎች በሚቀጥለው ይሄዳሉ ብሎ አሰበ።

«ሁለት ሰው! ብስራተ፣ ሜክሲኮ! ሁለት ብቻ!» አለ ረዳቱ።

ሚስቱ ዶርቃ ጎንበስ ብላ ገባች። ከኋላዋ ሰውዬው። ከወጋየሁ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እሷ በመስኮቱ በኩል፣ ሰውዬው ከጎኗ። ወጋየሁ እጁን ቢዘረጋ ነጠላዋን ይነካ ነበር። ትንፋሹን ዋጠ። የብየዳ ሽታ ከጃኬቱ አይለቅም፤ እሷ ደግሞ ይህን ሽታ ታውቀዋለች።

ሰውዬው ኦሊያድ ይባላል። ሳይኮሎጂስት ነው። ዶርቃ ቢሮው መሄድ ከጀመረች ዘጠነኛ ሳምንቷ ቢሆንም ወጋየሁ ፊቱን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። መነጽር ያደረገ ሽበታም ሰው አድርጎ ነበር የሳለው። ይሄ ግን ከሱ በዕድሜ የሚያንስ፣ ፀጉሩን በደንብ የተስተካከለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

ዛሬ ጠዋት ዶርቃ ልብስ ስታሰጣ ደብተሯን አልጋው ላይ አየው። ላለማንበብ ትንሽ ታገለ፤ ከዚያ አነበበው። «ማክሰኞ። ታክሲ ውስጥ እሱ መጣ። ልቤ ደለቀ፣ እጄን አላበኝ። አልሸሸሁትም። አጠገቤ እንዲቀመጥ ተውኩት።» ከሥሩ ደግሞ፣ «ሐሙስ። ከኦሊያድ ጋር።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። ወጋየሁ አብሮት በር እና መስኮት ለሚበይደው ለጉርሜሳ ደውሎ እንደሚያረፍድ ነገረው።

«ምነው፣ ሚስትህ ያ ወሬ ብቻ የሚወራበት ቢሮ ልትሄድ ነው እንዴ ዛሬም?» አለ ጉርሜሳ። «ሁለት ሰው በር ዘግቶ ሲያወራ ሕክምና የሚባል ከሆነማ እኔም ክሊኒክ ልክፈት!»

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ዛሬ ግን ዶርቃ ከቤት ስትወጣ ከሩቅ ተከተላት።

ነገሩ የጀመረው ከሰባት ወር በፊት ነው። ዶርቃ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ባለ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። አንድ ጠዋት መካኒሳ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው ሲቆም፣ ልቧ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። ሞትኩ ብላ ጮኸች። ሁለት ሆስፒታል ተመረመረች፤ ልቧ ጤነኛ ነው ተባለ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው እጅ ጫኑባት፣ ሦስት ቀን ተጾመላት። ቤት ውስጥ ደህና ሆነች። ታክሲ ስታይ ግን ወደ ኋላ ትመለሳለች። ትምህርት ቤቱ እስከ መጪው ሰኞ ይጠብቃታል፤ ሰኞ ካልተመለሰች በቦታዋ ሌላ ሰው ይቀጠራል።

በእነዚህ ወራት ገበያም፣ ወፍጮ ቤትም፣ ጸሎትም የወጣችው የወጋየሁን እጅ ይዛ ነው። ሥራውን እየተወ ይመጣላት ነበር። «ያለ አንተ አልችልም» ትለዋለች እያለቀሰች። በዘጠኝ ዓመት ትዳር እንዲህ ብላው አታውቅም። ወጋየሁ ለማንም አይናገረው እንጂ፣ ይህን ቃል ጠልቶት አያውቅም።

ከዚያ ኦሊያድ መጣ። «እጅህን ስይዝ ፍርሃቱ ያልፋል» አለችው አንድ ቀን ከቢሮው ስትመለስ። «ግን አእምሮዬ የሚማረው ያዳነኝ ያንተ እጅ መሆኑን ነው። ብቻዬን ሆኜም እንደሚያልፍ አይማርም።»

«እና እጄ ጥፋተኛ ሆነ?» አላት።

ከዚያ በኋላ እጁን አልጠየቀችውም።

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ።

«ከመቶ ስንት ላይ ነን?» አለ ኦሊያድ።

«አርባ።»

«ጥሩ። እንዳታባርሪው። አንቺ መንገድሽን ብቻ ሂጂ።»

አንቺ! ወጋየሁ ከመጋባታቸው በፊት ከእሷ ጋር በመዘምራን ሲያገለግል ስድስት ወር ሙሉ «እህት ዶርቃ» ሲላት ከርሞ ነው «አንቺ» ለማለት የደፈረው። ይሄ በዘጠኝ ሳምንት ደረሰበት።

ጀርመን አደባባይ ሲደርሱ መኪናው በመኪና መሃል ተሰንቅሮ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። የዶርቃ ትከሻ ወደ ላይ ሲወጣ ወጋየሁ ከኋላ አየ።

«ሰባ» አለች።

«እሱ መጣ?»

«መጥቷል።»

ወጋየሁ ደነገጠ። አንገቱን መዝዞ በሩን፣ ጋቢናውን፣ ከውጭ የቆሙትን ሰዎች ቃኘ። የመጣ ሰው አላየም።

«ምን ይልሻል?»

«ውረጂ ይለኛል። ልብሽ ሊቆም ነው ይለኛል።»

«ስንት ጊዜ ብሎሻል?»

«ኧረ ሁልጊዜ!»

«ስንቴ ቆመ?»

«አንዴም» አለች።

«እንግዲያው ይለፍልፍ። እሱም ተሳፋሪ ነው፤ ሒሳብ ይክፈልና ይቀመጥ።»

«እሱማ በነጻ ነው የሚሄደው!» አለች ዶርቃ፣ ሳቋም አመለጣት።

ወጋየሁ እሱ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ሰባት ወር ሙሉ አብሯቸው የኖረው ፍርሃቷ ነበር፤ ቁጥሩም የፍርሃቱ ልክ። እፎይ እላለሁ ብሎ ጠበቀ፤ አላለም። ሳቋ ነው የበለጠ ያመመው። እሱ እጇን ይዞ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ሲላት ታለቅሳለች እንጂ ስቃ አታውቅም። ይሄ ሰውዬ ሳይነካት አሳቃት።

ከዶርቃ ፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ዞር አሉ። «ልጄ፣ አመመሽ እንዴ? ላብ በላብ ሆንሽ እኮ! ኧረ መስኮት ክፈቱላት!»

«ደህና ናት እማማ። ሥራ ላይ ናት» አለ ኦሊያድ።

«ቁጭ ብሎ ማላብ ምን የሚሉት ሥራ ነው ደግሞ?» አሉና እናትየው ለራሳቸው እያጉተመተሙ ዞሩ።

መንገዱ ተከፈተ። መካኒሳ ሲቃረቡ ኦሊያድ ቦርሳውን አነሳ።

«እንደተነጋገርነው እዚህ ልወርድ ነው።»

«ኦሊያድ፣ ሰባ አምስት ነው። ሰባ አምስት ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። ከሰባ አምስት ጋርም ይኬዳል፤ ማክሰኞ ከሰማንያ ጋር ሄደሻል። ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ብቻ። ቤት ስትገቢ ለወጋየሁ ትነግሪዋለሽ።»

«አይወድልኝም።»

«ለምን?»

«እንጃ።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ስድን የማልፈልገው ይመስለዋል መሰለኝ።»

የወጋየሁ ጆሮ ጋለ።

«እና ትፈልጊዋለሽ?»

«ወራጅ! ወራጅ አለ!» አለ አንዱ ከመሃል፤ ረዳቱ በሩን በኃይል ሳበው። ዶርቃ የሆነ ነገር አለች። ኦሊያድ ራሱን ነቀነቀ። ወጋየሁ ወደ ፊት ጎንበስ ቢልም አልሰማም።

ሰውዬው ወረደ። ከጎኗ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ።

የደረሱበት ያ መጀመሪያ የጮኸችበት ቦታ ነው። ዶርቃ የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨበጠች። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማዋል። የወጋየሁ እጅ ከጭኑ ላይ ተነሳ። ይህን እጅ ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ ትከሻዋን ቢነካት ዞራ ታቅፈው ነበር። «ያለ አንተ አልችልም» እንደገና ትለው ነበር።

«አለቃ! አንተ ጥጉ ጋ ያለኸው!» አለ ረዳቱ። በሩ ላይ ጎመን በከረጢት የያዘች ነፍሰ ጡር ሴት ቆማለች። «ከኋላ አራት ሆናችሁ ምን ያጣብባችኋል? ከፊትህ፣ ሴትዮዋ ጎን ባዶ ነው፤ ና ግባ! እህቴ በሩ ጋ የተለቀቀው ቦታ ላይ ትሁን፣ ተጋፊ የለባትም።»

ወጋየሁ ብድግ አለ። ጉልበቱ የፊተኛውን ወንበር ነካ። ዶርቃ አልዞረችም። መስኮቱን እያየች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች መስሎት ነበር። «ሰባ» ስትል ሰማት። ቆየችና፣ «ሰባ... ስልሳ አምስት።»

ለማንም አልነበረም የምትናገረው።

«አለቃ፣ ትመጣለህ ወይስ ሌላ ሰው ላስገባበት?» አለ ረዳቱ።

ቢናገር ድምፁን ታውቀዋለች። ወጋየሁ ራሱን ወዘወዘ። ነፍሰ ጡሯን፣ ከዚያም ከዶርቃ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ በእጁ አሳየና ተመልሶ ጥጉ ላይ ተቀመጠ።

«ዲዳ ነው እንዴ?» አለ ረዳቱ።