ቁንጫ በነጭ አንሶላ ላይ

የሆቴሉ ሠራተኞች ከኋላዋ «በረኪና» ይሏታል። ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ነው፤ ማን ደፍሮ! የአንሶላ ክፍሉን ሃያ ሁለት ዓመት ስትመራ እድፍ ያለበት የትራስ ልብስ ከእጇ አልፎ አያውቅም። ፎጣ ላይ የሰው ፀጉር ካየች በሁለት ጣቷ ጫፍ ታነሣና፣ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ፊቷን አጨማዳ፣ የክፍሉን አልጋ አንጣፊ በሰው ሁሉ ፊት ታስጠራለች። «ይኼ ምንድን ነው? የማን ጉድ ነው?» ያን ቀን ለዚያች አልጋ አንጣፊ ምሳ አይወርድላትም። ቤቷም ውስጥ ያው ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ «አንድ ቀን እኔንም ቀቅለሽ ገመድ ላይ ታሰጪኛለሽ» ይላት ነበር።

ታዲያ ታላቅ ወንድሟ፣ ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሾፌር፣ ከደረጃ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሁለት ወር ሆስፒታል ይተኛል ተባለ። ልትጠይቀው ስትሄድ እጇን ጭምቅ አድርጎ ያዘና «ሻለቃን አደራ» አላት። ሻለቃ ውሻው ነው።

«ጋሼ፣ እኔና ውሻ? እግዜር ያሳይህ!»

«ሌላ ማን አለኝ? ደግሞ የመንገድ ውሻ እንዳይመስልሽ። ቁንጫ የለበት፣ መዥገር የለበት። የቁንጫውንም የልብ ትሉንም መድኃኒት ወር አሳልፌበት አላውቅም።»

«የምኑን ትል?»

«ተይው፤ ላንቺ አይነገርም።»

የታመመ ወንድም አደራ እንዴት እምቢ ይባላል? በማግስቱ ውሻውን ከነአሮጌ ብርድ ልብሱ አመጡላት። ቡላ መልክ ያለው፣ ትልቅ፣ ጆሮው የወደቀ ውሻ ነው። ጠረኑ ዝናብ የመታው ምንጣፍ ይመስላል። ከአፉ የሚንጠባጠበው ለሃጭ ወለሉ ላይ እንደ ሙጫ ይዘረጋል። ከጓሮ በኩል ካለው በረንዳ አሰረችው፤ እሱ አንድ እርምጃ ሲሄድ እሷ በመወልወያ አንድ እርምጃ ትከተለዋለች። ያስለዋል ደግሞ። አጥንት እንደሰነቀረው ሰው ይስልና ምራቁን ይውጣል። እሷም አብራ ትውጣለች፤ እሷን ግን የሚያስውጣት ማቅለሽለሽ ነው።

በአራተኛው ቀን ቁርጭምጭሚቷን በላት። ሦስት ቀያይ ነጠብጣቦች በመስመር ተደርድረዋል። አዲሱ ሳሙና ነው ብላ ሳሙናውን ለወጠች። ቁንጫ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ያን ማሰብ ለእሷ ራሷን በራሷ መስደብ ነበር።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት ከሦስተኛው ፎቅ አልጋ አንጣፊ ጋር አንሶላ እያጠፈች ሳለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ክፍሉ ገባ። ፊቱ ደም መስሏል።

«የሦስተኛ ፎቅ እንግዳ ሌሊቱን ሲያሳክከኝ አደረ ብሎ ጮኸብኝ። አልጋው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

ሦስቱም ዓይናቸው አንሶላው ላይ ነበር። በረዶ በመሰለው ጨርቅ መኻል የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር ተቀምጣለች። ከዚያ ዘለለች።

በረኪና ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያሉት ሦስት ነጠብጣቦች ትዝ አሏት። አፏ ግን የለመደውን ከመናገር አልታቀበም፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «የሦስተኛ ፎቅ ከሆነ እሷን ጠይቃት» አለችና በአገጯ ወደ አልጋ አንጣፊዋ ጠቆመች።

አልጋ አንጣፊዋ የሦስት ልጆች እናት ናት። «እኔ? እኔ ምን አደረግሁ?» አለች። ሥራ አስኪያጁ ዩኒፎርሟን አውልቃ ቢሮ እንድትመጣ አዘዛት።

በዚያች ቅጽበት ከበረኪና ካልሲ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። እየተቻኮለች መጸዳጃ ቤት ገባች፤ ቆልፋ ካልሲዋን ገለበጠች። አንዲቱ ቆዳዋ ላይ ተጣብቃ ደሟን ትመጥጣለች። ሌላዋ በካልሲው ክር ውስጥ ገብታ ትንፈራገጣለች። ሦስተኛዋ ዘላ ነጩ የእጅ መታጠቢያ ላይ አረፈች። በጥፍሯ ደፈጠጠቻት፤ ጠሽ ብላ ደም ተፋች። «የኔ ደም ነው» አለች ለራሷ። ገላዋን አውልቃ ማጠብ ብትችል ታጥበው ነበር። ከዚያ በላይ የቀፈፋት ግን ከደቂቃ በፊት ከራሷ አፍ የወጣው ነበር።

ስትወጣ አልጋ አንጣፊዋ ሽርጧን እየፈታች ታለቅሳለች።

«ተዪ፣ አትፍቺው» አለቻት። ወደ ሥራ አስኪያጁም ዞረች። «ከኔ ነው።»

«ምኑ?»

«ቁንጫው። ቤቴ የወንድሜ ውሻ አለ። በካልሲዬ ይዤው መጥቼ ነው። እሷ የለችበትም።»

ሥራ አስኪያጁ ካልሲዋን አየና «እትዬ፣ ቤትሽ እስኪጸዳ አትምጪ» ብሎ ወጣ። ከመደርደሪያው ኋላ አንዱ ሳቁን አፍኖ ሲያስነጥስ ሰማች። አልጋ አንጣፊዋ አልሳቀችም፤ አላመሰገነችምም።

ቤቷ እንደደረሰች በረንዳው ላይ ቆማ ውሻውን አየችው። ጎረቤቷ ቀለም ቀቢው ነገሩን ሲሰማ የናፍጣ ጀሪካን ይዞ መጣ። «ከራሱ እስከ ጅራቱ ለቅልቂው፤ ቁንጫ የሚባል አይተርፍም» አላት።

ጀሪካኑን ተቀበለችው። ሻለቃ ሲያያት ተነሥቶ መጣ፤ ያቺን ትንሽ በረንዳ ለማቋረጥ ሁለቴ አረፈ። እግሯ ሥር ደርሶ ዘፍ አለና ምላሱን አውጥቶ አለከለከ፤ የጎድን አጥንቱ እንደ ወናፍ ይወጣል ይገባል። ይሄ የቁንጫ ነገር ብቻ አይደለም፣ አለች በልቧ። ናፍጣውን ለባለቤቱ መልሳ ውሻውን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደችው።

ሐኪሟ ቀልድ የማያልቅባት አጭር ሴት ናት። ጥርሱ በደቀቀ ማበጠሪያ የውሻውን ወገብ አበጥራ የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፈችው። ብናኙ ዙሪያውን ቀይ እያደረገ ቀለጠ።

«አየሽው? ይኼ የቁንጫ ኩስ ነው። ደሙን በአንድ በኩል ጠጥታ በሌላ በኩል ያወጣችው።»

«በስመ አብ!»

«ገና ነው። ውሻው ላይ የምታያቸው ጥቂቶቹ ናቸው። እንቁላሉ ረግፎ ምንጣፍሽ ውስጥ፣ የወለልሽ ስንጥቅ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ የሚፈለፈለው ዕጭ ደግሞ ምን በልቶ የሚያድግ ይመስልሻል? ይኼንኑ ኩስ።»

ሐኪሟ ማዳመጫዋን የውሻው ደረት ላይ አድርጋ ቆየች፤ ቀልዷም ቆመ። ከእግሩ ደም ቀድታ አንዲት ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገችና «እዪ» አለቻት።

አየች። በቀዩ መኻል እንደ ክር የቀጠኑ ነገሮች ይገላበጣሉ፣ ይጠቀለላሉ፣ ይጋረፋሉ። ሕይወት አላቸው። ደሙ ራሱ የሚንፈራገጥ መሰላት።

«እነዚህ የልብ ትል ግልገሎች ናቸው» አለች ሐኪሟ። «ትልልቆቹ ልቡና ሳንባው መኻል ነው ቤታቸው።» ከመደርደሪያ የመስታወት ዕቃ አወረደች። ውስጡ ለሁለት የተሰነጠቀ የውሻ ልብ አለ፤ ከስንጥቁ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ቀጭን ፓስታ የመሰለ ነጭ ትል በጭብጥ በጭብጥ ተንዠርግጓል።

በረኪና ሌላ ቦታ ለመፈለግ ጊዜ አላገኘችም። የውሾች መታጠቢያ ገንዳው ላይ አቀረሸች።

«አይዞሽ፣ ገንዳው ከዚህ የባሰ አይቷል» አለች ሐኪሟ ውኃ እያቀበለቻት። «ውሻ ከውሻ በመነካካት አይዘውም። ቢንቢ ናት ከአንዱ ደም ወደ ሌላው የምታሻግረው። በወር አንድ ክኒን ቢወስድ ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር።»

«በየወሩ ይወስዳል እኮ! ወንድሜ ነግሮኛል።»

ሐኪሟ ትከሻዋን ሰበቀች። «ልቡ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረኛል።»

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከዚያው ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። የቁም ሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ የመድኃኒቱ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ የሚበዙት ማሸጊያቸው አልተነካም። ሶፋውን ስትገፋው ደግሞ ከሥሩ ክኒኖች አገኘች። የተላሱ፣ የተተፉ፣ በለሃጭ ከምንጣፉ ጋር ተጣብቀው የደረቁ። ፀጉርና አቧራ ለብሰዋል፤ አንዳንዶቹ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅለዋል። በወረቀት ፈንቅላ በላስቲክ ቋጠረቻቸውና ሆስፒታል ወስዳ የወንድሟ ደረት ላይ አስቀመጠችለት።

«ይኼ ምንድን ነው ጋሼ?»

ወንድምየው ላስቲኩን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ይተፋዋል። በሥጋ ጠቅልዬ ስሰጠው ሥጋውን ውጦ ክኒኑን ይተፋል።»

«ጉሮሮው ውስጥ አትከተውም?»

«እጄን እዚያ አፍ ውስጥ? ያ ለሃጭ...» እጁን በብርድ ልብሱ ጠረገ። «ቀፈፈኝ።»

«ቀፈፈኝ? ዕድሜህን ሙሉ መኪና ሥር ተጋድመህ ግራሶ የተቀባህ ሰውዬ?»

«ግራሶ አይላወስም።»

«እሺ፣ ለምን ዋሸኸኝ? ልቡን ትል ሞልቶታል! በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት!»

ሽማግሌው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ላንቺ እንዴት ይነገራል?» አለ። «ልጅ ሆኜ ቅማል የያዘኝ ጊዜ አንድ ወር አጠገቤ አልተቀመጥሽም። የሆቴልሽ ሰዎችም ያለነገር አይደለም ከኋላሽ በረኪና የሚሉሽ።»

ይህን ስም ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። ሆቴል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በፊቷ ለምን ሁሉም ነገር ንጹሕ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ የቆሸሸውን ይደብቁታላ! ላስቲኩን አንሥታ ወጣች።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ብርድ ልብሱንና መጋረጃውን በፈላ ውኃ ቀቀለች። የወለሉን ስንጥቅ አንድ በአንድ በቫኪዩም ማጽጃ መጠጠች፤ የሰበሰበውን በላስቲክ አስራ ደጅ ጣለች። ሐኪሟ ለውሻው የሰጠችውን ጠብታ ትከሻው መኻል አፈሰሰችለት። ያም ሆኖ ቁንጫው አላለቀም። ሐኪሟ አስቀድማ «ገና ከስንጥቁ ይፈለፈላሉ፤ ተስፋ እንዳትቆርጪ» ብላታለች። ነጭ ካልሲ አድርጋ በየክፍሉ ስትዞር ጥቁሮቹ እየዘለሉ ይሳፈሩባታል፤ አንድ በአንድ የሳሙና ውኃ ውስጥ ትዘፍቃቸዋለች።

ትሎቹን ከሚገድለው መርፌ በፊት በየቀኑ እንዲውጥ የታዘዘለት ክኒን ደግሞ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጓንት ደርባ ሞከረች፤ ሻለቃ የላስቲኩ ሽታ ስላስጠላው አፉን ገጠመ። ጓንቱን አወለቀች። ዓይኗን ጨፍና ባዶ እጇን ሰደደች። ውስጡ ይሞቃል፣ ያሟልጫል፣ ምላሱ እንደ ዓሣ ይንሸራተታል። ክኒኑን ከምላሱ መሠረት አሳልፋ ጣለችው፤ አፉን ግጥም አድርጋ ይዛ እስኪውጥ ጉሮሮውን ደባበሰችው። ዋጠ። ከዚያ አፍንጫዋ ሥር ግሳቱን ለቀቀባት።

«ወግድ! አንተ ጥንብ!» እጇን እስኪላጥ ፈተገችው። በማግስቱም ያንኑ አደረገች።

ክኒኑን ተከትሎ መርፌው መጣ። ትሎቹ እየሞቱ ሲበጣጠሱ ሳንባውን እንዳይደፍኑት ለወራት እንዳይሮጥ፣ እንዳይዘል ተባለ። እሷም ሆቴል ከተመለሰች በኋላ እንኳ በአጭር ገመድ ይዛ ታወጣዋለች፣ ታስገባዋለች። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ አንድ ከሰዓት ሲስል ደም ቀላቅሎ ወለሉ ላይ ተፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መጀመሪያ የምታየው ወለሉን ነበር። ያን ቀን በንጹሕ አንሶላ ጠቅልላ፣ ለሃጩና ደሙ አንገቷ ላይ እየፈሰሰ፣ ታክሲ ውስጥ አስገባችው። ሐኪሟ ሦስት ቀን አስተኝታው ዳነ። አንሶላው ግን አልተረፈም።

ሆቴል ውስጥ የሦስተኛው ፎቅ አልጋ አንጣፊ አንድ ቀን ድንገት «እትዬ፣ ውሻው እንዴት ሆነ?» አለቻት። በረኪና ስለ ልቡና ስለ ፓስታው ነገረቻት። አልጋ አንጣፊዋ አፏን ይዛ «ኧረ ምሳዬን!» እያለች ሮጠች። ከዚያ ወዲህ ፎጣ ላይ ፀጉር ሲገኝ በረኪና ፊቷን ማጨማደዷን አልተወችም፤ የምትጠራው ግን ለብቻ ነው።

ወንድሟ በክራንች መራመድ ከጀመረ ሰነባብቶ፣ የሻለቃ ደም እንደገና ተመረመረ። ንጹሕ ነው ተባለ። ወንድምየው ሊወስደው መጣ። በሩ ላይ ሳለ የወሩን መከላከያ ክኒን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«በፊቴ ስጠው።»

ውሻው ናፍቆት እየዘለለ ፊቱን ሁሉ ላሰው። ሽማግሌው ሁለት ጣቱን ወደ አፉ ላከ፤ ለሃጩ ሲነካው መልሶ ሳባቸው። እንደገና ሞከረ። ሻለቃ ክኒኑን ጫማው ላይ ተፋበት።

«አልችልም እህቴ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አልችልም።»

«አሁን እውነት ተናገርክ።» ክኒኑን አንሥታ፣ የሻለቃን መንጋጋ ከፍታ፣ እጇን እስከ አንጓዋ አስገብታ አወጣች። «በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ይዘኸው ና። ካላመጣኸው እኔው እመጣለሁ።»

ሄዱ። መስኮቱን ሁሉ ከፈተች፤ በረንዳውን ሦስት ጊዜ አጠበች። ጠረኑ ግን በማግስቱም ነበር። ውሻውን ወደደችው እንዴ ያሏት ነበሩ። «ኧረ ወዲያ! ይቀፈኛል» ትላለች፤ እውነቷን ነው። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ግን ቀለበቷን አውልቃ፣ ክኒኑን መዳፏ ላይ ይዛ ትጠብቅ ነበር።