የጠበቃ ትልና የዋስትና ሶፋ

ከዚህ በታች ያለው ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። አንዲት ቅንጣት ውሸት ከተገኘችበት ይህን የጻፈ እጅ ማንኪያ አያንሳ፤ ምላሱም ከላንቃው ይጣበቅ። ምስክር ለሚጠይቅ ሰፈር ሙሉ ምስክር አለ። ያውም «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» የሚባለው ዓይነት ሳይሆን ዓይኑ የሚያይ፣ ጆሮው የሚሰማ፣ ጨዋ ሰው።

ባለታሪኩ የእንስሳት መድኃኒት ሻጭ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ራሱም ሳይረሳው አልቀረም፤ አገር ምድሩ የሚያውቀው «ዋስትና» በሚለው ነው። ለምን ቢባል፣ አንዲት ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ለደንበኛ ሲሰጥ ባንኮኒውን በመዳፉ መታ አድርጎ «ዋስትና አለው» ሳይል አይለቅም። ለዶሮ ተቅማጥ ዋስትና፣ ለፍየል ሳል ዋስትና። አንድ ጊዜ «ዛሬ ይዘንብ ይሆን?» ብሎ ለጠየቀው መንገደኛ እንኳ እንደማይዘንብ ዋስትና ሰጥቶት፣ ሰውየው እንደ አይጥ በስብሶ ተመለሰ። ዋስትና ግን ፈገግ ብሎ፣ የሱ ዋስትና ከሱቁ በር አልፎ እንደማይሠራ አስረድቶ አሰናበተው።

ሱቁ ከፊት፣ ቤቱ ከኋላ ነው፤ የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን መስኮት ሥር አስጠግታ የሰው ልብስ ትሰፋለች። ከመኪናዋ አጠገብ ደግሞ ያ ሶፋ አለ። ባለ አንድ መቀመጫ ይሁን እንጂ ነገሥታት ቢያዩት ዙፋናቸውን ይጠሉ ነበር። ጨርቁ ድሮ ቡናማ ይሁን ቀይ ደፍሮ የሚናገር የለም፤ ከተገዛ ጀምሮ ውሃ አላየማ! ሚስቱ ልብሱን ላውልቅና ልጠበው ባለች ቁጥር ዋስትና፣ ሶፋው የሱን ቅርጽ እንደያዘ፣ ከታጠበም ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንደሚረሳ ይነግራታል። እዚያ ላይ የመቀመጥ መብት ያለው ከሱ ሌላ አንድ ፍጡር ብቻ ነው፤ ውሻው፣ ጠበቃ። ይህን ስም ያገኘው ሰው በተጣላበት ሁሉ ሳይጠሩት ገብቶ ስለሚጮኽ ነው።

ዋስትና ጠበቃን «ይወደዋል» ማለት ባሕርን «ረጠብ ያለች» እንደማለት ነው። እራቱን አካፍሎት ይበላል። ጋዜጣ ሲያነብ አርዕስቱን ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ጠበቃ ካዛጋ ገጹን ይገለብጣል።

አንድ ቀን ሚስቱ የደንበኛ ጥቁር ሱሪ ልትተኩስ ስትዘረጋ፣ ጨርቁ ላይ አንዲት የሩዝ ፍሬ አየች። በጣቷ ላራግፋት ስትል ፍሬዋ ተኮማተረች፣ ተዘረጋች፣ ወደ ኪሱ ጉዞ ጀመረች። ሴትየዋ የምትጮኽ ዓይነት አይደለችም። መጋረጃውን ገለጥ አደረገችና፣

«አንተ» አለችው፣ «እዚህ ቤት ሩዝ በእግሩ መሄድ ጀምሯል።»

ዋስትና ገብቶ አየ። አላመነታም። የኮሶ ትል ቁራጭ ነበረች። ትሉ ራሱን ጠበቃ አንጀት ላይ ሰክቶ ተቀምጦ፣ ከጭራው በኩል እየበጠሰ የሚለቃት፤ እያንዳንዷ ቁራጭ በእንቁላል የታጨቀች ከረጢት። ይህን ሲያስረዳ ደረቱ ተነፍቶ ነበር፤ የሚስቱ ግንባር ግን አልተፈታም። ሱሪው የሰው ነው። ደንበኛ ኪሱ ውስጥ የምትራመድ ሩዝ ካገኘ ስፌት አበቃለት። ስለዚህ ፍርዷን ሰጠች፦ ይህ ነገር ከቤቱ ካልጠፋ ውሻው ለወንድሟ ይሰጣል። ወንድሟ ሰፊ ግቢ አለው፤ ጠባቂም ይፈልጋል።

የዚያን ዕለት ዋስትና እራት አልበላም። በልቷል የሚል ካለ አትመኑት።

በማግስቱ ከመደርደሪያው አለኝ የሚለውን ክኒን አውርዶ፣ በሥጋ ሸፍኖ ጠበቃን አጎረሰው። ባንኮኒውንም መታ አድርጎ ለውሻው ዋስትና ሰጠው። ትሉ ሲወጣ ያየ ሰው ገመድ መለካት ይተዋል። ጭንቅላቱ ገና ደጃፉ ላይ ሳለ ጭራው አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ደርሶ፣ ተሳፋሪው ሰልፍ የተያዘ መስሎት ከኋላው ቆመ። ሰፈሩ አጨበጨበ። ጠበቃ በአንድ ቀን ወፈረ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አሁንም አንዲት ሩዝ፣ በዚህ ጊዜ የርእሰ መምህሩ ኮት ላይ፣ ሽር ሽር ስትል ተገኘች።

ዋስትና አጣብቂኝ ውስጥ ገባ። መድኃኒቱ አልሠራም እንዳይል ዋስትና የሰጠው ራሱ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛው ሌላ መሆን ነበረበት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሥጋ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ለጠበቃ የተወረወረው አጥንት ትል እንዳለበት ለሥጋ ሻጩ በደንበኞቹ ፊት ነገረው። ሥጋ ሻጩ ቢላውን እየሳለ ሰማውና፣ ሰው ከአጥንት ይልቅ በመድኃኒት ሻጭ ምላስ ቶሎ እንደሚታመም መለሰለት። ያን ዕለት ዋስትናን ስምንት ገላጋይ ስለያዘው ብቻ ነው እንጂ ሥጋ ቤቱ ዛሬ የአበባ መሸጫ ይሆን ነበር።

ሁለተኛ ክኒን ሰጠ። ትሉ ሄደ፤ ትሉ ተመለሰ። የሚስቱ ወንድም ቅዳሜ መጥቶ ውሻውን እንዲወስድ ተወሰነ።

ዋስትና ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ጠበቃ አገጩን ጉልበቱ ላይ አሳርፎለት፣ ረጅም ሰዓት ግድግዳ ሲያይ ዋለ። ከመንገዱ ማዶ የእንስሳት ሐኪም አለች፤ በዕድሜ ልጁ የምትሆን። ዕድሜ ልኩን ደንበኞቹን «እኔ እያለሁ ሐኪም ዘንድ ምን ያስኬዳችኋል?» ሲል የኖረ ሰው በምን ፊቱ ይሄዳል? ግን የቸገረው ምን ያደርጋል። ሰው ምሳ የሚገባበትን ሰዓት ጠብቆ፣ ጠበቃን ኮቱ ሥር ወሽቆ፣ መንገዱን ተሻገረ። ኮቱ ሥር ጭራ ይወዛወዝ ስለነበር ያላየው ሰው አልነበረም።

ዋስትና የሆነውን ነግሯት ክኒኑን ጠረጴዛዋ ላይ ቢያስቀምጥም፣ ሐኪሟ አልነካችውም። ስለ ትሉም አልጠየቀችም።

«ጋሼ፣ ቁንጫ አለው?»

«በኔ ቤት?» አለ ዋስትና።

አልተከራከረችውም። ነጭ ወረቀት ላይ ውሃ አርከፍክፋ ከጠበቃ ሥር አነጠፈችና ጀርባውን አበጠረችው። እንደ ቁንዶ በርበሬ የደቀቀ ጥቁር ነገር ረገፈ፤ ወረቀቱ ላይ ሲርስ ቀላ። የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙም ቁንጫዋ የመጠጠችው የጠበቃ ደም ነው።

«ትሉ ሁለት ቤት ያለው ሀብታም ነው፣ ጋሼ» አለችው፣ ሳቋን ለመደበቅ ማበጠሪያውን እየጠረገች። «እርስዎ አንዱን ቤት ያፈርሳሉ፤ እሱ ሌላው ቤት ልጁን ያሳድጋል።»

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችው። ቁራጯ ከውሻው ወጥታ የወደቀችበት ትደርቅና እንቁላሏ ይበተናል። የቁንጫ እጭ ደግሞ ገና መዝለል ሳይጀምር በአቧራና በጨርቅ ስፌት ውስጥ ተደብቆ ያገኘውን ሲለቅም ያንን እንቁላል ይበላል። እጩ አድጎ ቁንጫ ሲሆን የትሉን ልጅ በሆዱ ይዞ ያድጋል። ውሻው ያሳክከዋል፣ ጀርባውን በጥርሱ ያካል፣ ቁንጫዋን ይውጣል፤ የትሉ ልጅም አባቱ የተባረረበት አንጀት ገብቶ ይቀመጣል። ክኒኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ግን ነገ ለሚመጣው እንግዳ በሩን አይዘጋም።

«የት ነው የሚተኛው?» አለችው።

ዋስትና ኮቱ ላይ የቀረውን የጠበቃ ፀጉር እየለቀመ፣ «ሶፋዬ ላይ» አለ። 

እንግዲህ ወይ ሶፋው ወይ ውሻው። ቅዳሜ ጧት ዋስትና ሸሚዙን አወለቀ። ሶፋውን ብቻውን ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ ከቤት ሲወጣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። መንገድ ዳር አስቀምጦ በዱላ ሲመታው ቁንጫው እንደ ደመና ተነሥቶ ፀሐይን ጋረደ፤ ባለ ሱቆች መሽቷል ብለው መዝጋት ጀመሩ። ልብሱን ገፎ በበርሜል ቀቀለው፤ ስፖንጁን ፀሐይ መታው፤ ወለሉ ተጠረገ፤ ጠበቃ ታጠበ፣ የቁንጫ መድኃኒት ተቀባ፣ ክኒኑንም እንደገና ዋጠ። ሐኪሟ ከማዶ ቆማ እንባዋን ጠረገች። የሚስቱ ወንድም የውሻ ሰንሰለቱን ይዞ ሲመጣ ይህን ሁሉ አየና፣ ሰንሰለቱን ኪሱ ከትቶ የዋስትናን እጅ ጨብጦ ተመለሰ። ሚስቱም በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የተራመደ ሩዝ የለም።

ዋስትና ይህን ታሪክ እንዲሁ እንዳለ ለስንቱ ደንበኛ እንደተረከው ቤት ይቁጠረው። በቅርቡም ድመቷን በቅርጫት ይዛ ለመጣች ነርስ ሲተርክላት፣ ልክ ይቅርታው ላይ ሲደርስ ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ሚስቱ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ጠበቃም ተከትሏት ወጥቶ እግሯ ሥር ተቀመጠ።

«እህቴ» አለቻት ነርሷን፣ በለሆሳስ፣ «ሶፋው ከቦታው ተነቃንቆ አያውቅም። ልብሱን የገፈፍኩትም፣ የቀቀልኩትም፣ ወለሉን የጠረግኩትም እኔ ነኝ። ሐኪሟ ዘንድ የሄድኩትም እኔ ነኝ። እሱ ያን ሳምንት መድኃኒት ሊያመጣ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር።»

ዋስትና ባንኮኒውን ለመምታት ያነሣው መዳፍ አየር ላይ ቀረ።

«ወንድምሽስ?» አለ በስተመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጠበቃን ለወንድሜ እሰጠዋለሁ አላልሽም?»

«መቼ ነው ያልኩት?» አለች፣ የክሩን ጫፍ በጥርሷ እየበጠሰች። «ወንድሜ ውሻ ይፈራል።»