የድመቷ መንገድ

"በረኪናውን አስቀምጪው አልኩሽ፣ እማ!"

ልጅቱ በጉልበቷ እንደተንበረከከች እጇን ዘርግታ ጠርሙሱን ከእናቷ ነጠቀች።

"ምን ታካብጂያለሽ? ያጸዳል እኮ።"

"ያጸዳል! ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጭስ መጀመሪያ የሚያጸዳው ያንቺን ሳንባ ነው። ቀጥሎ ጣውላውን ያነጣዋል። ከዚያ አከራይዋ እኛን ታጸዳናለች።"

እናትየው ሳቋ አመለጣትና ተመልሳ አልጋዋ ላይ አረፍ አለች። አጠገቧ አሮጊቷ ድመት ተጠቅልላ ተኝታለች። ዓይኗ ከጠፋ ቆየ፤ አሁን አሁን ደግሞ ሽንቷ እያመለጣት ወለሉን አበለዘችው። ትናንት አከራይዋ በር ላይ ቆማ፣ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ፣ ቁርጡን ነግራቸዋለች፦ "ነገ ከሰዓት እመጣለሁ። ሽታው ካለ ድመቷ ትወጣለች።"

ልጅቱ በውኃ ያቀጠነችውን አቼቶ መጀመሪያ ቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ማንም በማያየው ጥግ ሞከረችው። ጣውላው ቀለሙን አልለቀቀም። ቤኪንግ ሶዳ በየእድፉ ላይ ነስንሳ ሽታውን እስኪጠጣላት ጠበቀችና ጠረገችው። ከዚያ አቼቶ የነከረችውን ጨርቅ ጥምዝዝ አድርጋ ጨምቃ፣ የእንጨቱን መስመር እየተከተለች ወለወለች፤ ውኃ የጠጣ ጣውላ ያብጣልና ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አደረቀችው። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ መስመሮቹ ላይ ሲተኛ ወለሉ ቀስ ብሎ የሚፈስ ወንዝ መሰላት። እጇም አብሮ ፈሰሰ። ክፍሉ ከነአልጋው፣ ከነእናቷ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ መሰላት።

ድመቷ ነቃች። ከአልጋው ወርዳ ጥቂት ሄደችና መሃል ወለል ላይ ቀጥ አለች። አፍንጫዋን ወደ ላይ አነሳች። ወዲህ ስትል ከወንበር እግር ጋር ተጋጨች፤ ወዲያ ስትል ግድግዳ። ከዚያ ከሩቅ አገር እንደሚጣራ ሰው በቀጭኑ ጮኸች።

"ምን ነካት?"

"ጠፋባታ!" አለች እናትየው። "ወደ ውኃዋም፣ ወደ እኔም የምትመጣው እኮ የራሷን ሽታ ይዛ ነበር። መንገዷን አጠብሽባት፣ ልጄ።"

ልጅቱ ጨርቁን እንደያዘች ወለሉን ዞር ዞር ብላ አየች።

ያልታጠበችው አልጋው ራስጌ ሥር ያለችው እድፍ ብቻ ነበረች። ድመቷ ደረቷን ወደ ወለሉ አስጠግታ፣ እያሸተተች፣ እየተሳበች ደረሰችባት። ቆም አለች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ዘላ እናትየው እቅፍ ውስጥ ገባች።

ደረጃው ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማ።

"መጣች! ቶሎ በይ፣ ያቺንም ጨርሻት፣" አለች እናትየው፣ ድመቷን ደረቷ ላይ ልጥፍ አድርጋ።

ልጅቱ እድፏን አየች፤ እናቷን አየች።

"ትቆይ።"

"ብትሸታትስ?"

"ከሸተታት እኔን ታናግረኝ።"

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለችና፣ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ወደ በሩ ሄደች።