የማለዳ ጫማ

አብዱልባሲጥ ከቱርክ ተምሮ ሲመለስ የአባቱ ስኳር በሽታ ብሶ ጠበቀው። አባቱ ሸሪፍ የልጅ ምክር የሚሰማ ሰው አይደለም። ስለዚህ ልጁ ዘዴ ፈጠረ፤ በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለአባቱና ለጓደኞቹ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተላቸው። ደንቡ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በእግር መሄድ፣ መንገድ ላይ የጫማን ፎቶ አንስቶ መላክ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እንደ ልጅ ተፎካከሩ። አንዱ ስለ አብሽ ውኃ ሰበከ፤ ሌላው ቦርጩ መጉደሉን ሊያሳይ ቀበቶውን አንስቶ ላከ። ከኮላ ድባ የሸሪፍ ጫማ አንድም ጠዋት አልቀረም፤ ልጁ የገዛለት ነጭ የስፖርት ጫማ። ጎንደር አራዳ ከሱቁ የማይነቃነቀው ሐጂ ኡዘይር እንኳ፣ ሸሪፍ ከሄደማ እኔ ምን ሆኜ ብሎ ተነሣ። አብዱልባሲጥ በየማለዳው ፎቶውን እያየ ልቡን ያሳርፋል። እሱ ካለበት ጎንደር ኮላ ድባ ሩቅ አይደለም፤ ግን አልሄደም። አባቱን ያየው ይመስለው ነበር።

አንድ ጁምዓ ድንገት ሄደ። አባቱን መስጊድ ደጅ ውዱእ ሲያደርግ አገኘው። እጁን ታጠበ፤ ፊቱን ታጠበ፤ እግሩ ላይ ሲደርስ ግን የቆዳ ካልሲውን ሳያወልቅ በረጠበ እጁ ከላይ ከላይ አበሰው። ሃይማኖቱ ይፈቅዳል። የኮላ ድባ ሙቀት ግን የቆዳ ካልሲ የሚያስለብስ አይደለም።

ቤት ገብተው ካልሲውን ልጁ አወለቀለት። ሽታው ቀድሞ ወጣ። የቀኝ እግሩ ጣቶች ጠቁረዋል። ጫማው ጠቦት ኖሯል፤ እግሩ ስለደነዘዘ ሲልጠው አልተሰማውም። ፎቶውንም እግሩ ከቆሰለ ጀምሮ የሚያነሣው ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር።

«ምነው አባዬ፣ ምነው ዝም አልክ?»

«አንተ የገዛኸውን ጠበበኝ ልበል? ደግሞ ኡዘይር የሚሄደው በእኔ ነው። እኔ ከቀረሁ ይቀመጣል። ከተቀመጠ አይነሣም።»

ጎንደር ሐኪሞቹ እግሩ ካልተቆረጠ ነፍሱም አትተርፍም አሉ። ሊቆረጥ በቀጠሩለት ጠዋት ሸሪፍ ስልኩን ለልጁ ዘረጋለት።

«አንሣና ላክልኝ። ዛሬን ብቻ።»

አብዱልባሲጥ ጫማዎቹን ከአልጋው ሥር አወጣ። ጥቂት አያቸውና ቀኙን መልሶ ገፋው። ግራውን ብቻ ሲሚንቶው ላይ አቁሞ አነሣ፤ ላከ።

ማሻአላሁ ጎረፈ። ትንሽ ቆይቶ ሐጂ ኡዘይር ደወለ፤ ልጁ አነሣው።

«ልጄ፣ ሌላው ጫማ የት አለ?»

አብዱልባሲጥ ስልኩን ለአባቱ ሰጠው። ሸሪፍ እንደ ልማዱ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ጀመረና ሲሚንቶው ላይ የቆመውን ግራ ጫማ አየ። ከወዲያ በኩል የመኪና ድምፅና የኡዘይር ትንፋሽ ይሰማል። መንገድ ላይ ቆሟል።