የጥሩብርሃን ጎን

ጥሩብርሃንን ደም ማስቀመጥ የጀመራት ገና ሙሽራ ሳለች ነው። ባሏ ደምለው ጣልያንን ሊወጋ ጫካ ከገባ ወዲህ ግን ጭራሽ ባሰባት። ጠበሉም፣ ሥራሥሩም ተሞከረ፤ አልሆነም። ቆዳዋ ካጥንቷ ሲጣበቅ ወንድሟ በቃሬዛ አሸክሞ ከአገራቸው ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ አወረዳት። እዚያ የጣልያን ሐኪም ሆዷን ቀደደ። ስትነቃ አስተርጓሚው፣ «የታመመው አንጀትሽ ወጥቷል። ከእንግዲህ የምትጸዳጂው ጎንሽ ላይ በተከፈተው ቀዳዳ ነው፤ እስከ ዕድሜሽ ፍጻሜ» አላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዳነች፤ እውነት ነው። ቁርጠቱ ጠፋ፣ ሥጋ ለበሰች። ድሮ አንድ ትልም ሳትጨርስ ወደ ቁጥቋጦ የምትሮጠው ሴት ሙሉ ማሳ አርማ ትገባ ጀመር። ጎኗ ግን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ባሻው ሰዓት ይፈሳል፣ ድምፅም ያሰማል። ጨርቅ ደራርባ በመቀነት ትጠፍረዋለች፤ ሰው ሳይመጣ ወንዝ ወርዳ ታጥባለች። ገበያ ስትውል የነፋሱን አቅጣጫ አይታ ነው የምትቀመጠው። ከማኅበር ቀረች። ቅዳሴም ከቅጥሩ ውጭ፣ ከጽዱ ሥር ቆማ ነው የምትሰማው። ማንም አትምጪ አላላትም፤ ማንም ነይ አላላትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደምለው ስንቅ ሊወስድ ተደብቆ መጣ።

«ዳነች አሉኝ» አለ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ።

«ድኛለሁ።»

«ማን አዳነሽ?»

«የጣልያን ሐኪም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ከነሱ ጋር ደም ስፋሰስ አንቺ ገላሽን ሰጠሻቸው?»

«ባልሰጥ ኖሮ ዛሬ የምትመጣው ለተዝካሬ ነበር።»

ቀሚሷን ገልጣ አሳየችው። ቀይ፣ እርጥብ፣ እንደ ከንፈር የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ደምለው ዓይኑን ሰበረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያምሻል?» አላት።

«አያመኝም።»

በሶውን ይዞ ወጣ።

ጣልያን ከአገር ሲወጣ ደምለው ጠቅልሎ ገባ። ክፉ ቃል አልወጣውም፤ እንጨት ይፈልጥላታል፣ ውሃ ያሞቅላታል። መኝታውን ግን በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ አነጠፈ።

«እንዳልረብሽሽ ብዬ ነው» አለ።

«አትረብሸኝም።»

«ግድ የለም፣ እዚህ ይሻለኛል።»

አልለመነችውም። ያን ዓመት ገብሱ አማረ። ጎን ለጎን እያጨዱ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬው ያወራሉ፤ ላያቸው ሰው ደስ የሚሉ ባልና ሚስት ናቸው። ነዶ ሲያቀብላት ግን ጣቱ ጣቷን እንዳይነካ ሲጠነቀቅ ታየዋለች። ተቀብላ ትከምራለች።