አንድ ቬሎ ለሦስት ሥራ ፈላጊ

ጭምቷን በየኢንተርቪው የሚጥላት ያው አንድ ጥያቄ ነበር። የት ተማርሽ ሲሏት ትመልሳለች፣ ምን ቋንቋ ትችያለሽ ሲሏት ትመልሳለች። «በሥራ ላይ ሳለሽ ያላሰብሽው ችግር ገጥሞሽ ያውቃል? እንዴትስ ተወጣሽው?» ሲሏት ግን ምላሷ ከላንቃዋ ይጣበቃል። ችግር ጠፍቶ አይደለም። የወንድሟ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ችግር እንደ ጉድ ነው፤ ሰው ፊት ሲቀርብ የሚያምር ችግር ግን አጣች። ደግሞስ በቤተሰቡ ዘንድ «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ሲሞገስ ያደገ አፍ፣ በአንድ ጀምበር ከየት አምጥቶ ያውራ? ጭምቷ የሚለው ቅጽል ስም እንዲሁ አልወጣላትም።

አሁን ደግሞ ትልቁ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ይፈልጋል ተባለ። ጭምቷ ሥራውን ከልቧ ወደደችው። ሻንጣውን እየጎተተ ዝሎ ለገባ መንገደኛ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ የክፍሉን ቁልፍ መስጠት! ከዚህ የተሻለ እንጀራ ያለ አይመስላትም። ወንድሟ በበኩሉ «ይኼ ካልሆነ በቃ፣ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሱቅ» ብሎ ቆርጦ ነግሯታል። ሱቁ መስኮት የለውም፤ ብሎን በየመጠኑ ሲለዩ መዋል ነው። ወንድሟ ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። እሱ ብሎን ስለሚወድ ሰው ሁሉ የሚወድ ይመስለዋል።

በዚህ መሀል ነው የአጎቷ ሚስት ነገሩን የሰሙት። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። በወጣትነታቸው ላውንደሪ ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ ዛሬ ጉልበታቸው ደክሞ ኃይላቸው ሁሉ ወደ አፋቸው ዞሯል። መጥተው ሳሎን ውስጥ፣ የቤተሰቡ ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ተደላድለው ተቀመጡ።

«ታሪክ የለኝም እትዬ፣ ምን ላድርግ?» አለች ጭምቷ።

«የኔን ውሰጂያ! ስሚ። የሠርግ ዋዜማ ነው። ቬሎ ሊታጠብ መጥቷል። ማሽኑ ውስጥ ቀይ የጠረጴዛ ልብስ ተረስቶ ኖሮ፣ ቬሎውን ስታወጪው ሮዝ! አለቃሽ ‹ሲመጣም እንደዚህ ነበር ብለን ድርቅ እንላለን› ይላል። አንቺ እምቢ! ቬሎውን ታቅፈሽ ሙሽራዋ ቤት ትሄጃለሽ። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድሚ ‹አበላሽቼዋለሁ› ትያለሽ። ከዚያ የሚዜዎቹንም ቀሚስ ወስደሽ በዚያው የጠረጴዛ ልብስ ሮዝ ታደርጊዋለሽ። በነጋታው ሠርገኛው ሁሉ ‹ምርጫቸው እንዴት ያምራል!› ይላል። ዋናው ነገር ገባሽ? ሙሽራዋ ሳትመጣብሽ ቀድመሽ ሂጂ።»

«እኔ እኮ ላውንደሪ ሠርቼ አላውቅም።»

«ከዛሬ ጀምሮ ሠርተሻል። ለማንም እንዳትናገሪ ብቻ፤ ላንቺ ብዬ ነው።»

ጭምቷ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ አጠናችው። በመጨረሻ የሳሙናው ሽታ ሳይቀር አፍንጫዋ ላይ ይመጣባት ጀመር።

የቀጠሮው ቀን ሆቴሉ ኮሪደር ውስጥ ስትደርስ ሁለት የሰፈሯ ልጆች ቀድመዋት ተቀምጠዋል። አንዷ ለፍላፊዋ ናት፤ ሁለተኛዋ የልብስ ሰፊው ልጅ። ተሳሳሙ፣ «ይቅናሽ» ተባባሉ፣ ለፍላፊዋ ተጠርታ ገባች። በሩ ስስ ነው፤ የለፍላፊዋ ድምፅ ደግሞ ግንብም አያግደው።

«የሠርግ ዋዜማ ነበር…» ሲል ተሰማ።

ጭምቷ ቀና ስትል የልብስ ሰፊው ልጅም ዓይኗን አፍጥጣ ታያታለች።

«ላንቺም?» አለች ጭምቷ በሹክሹክታ።

«ለማንም እንዳትናገሪ ብለውኝ ነበር!»

ውስጥ ጠያቂዎቹ ከት ብለው ሳቁ። ለፍላፊዋ ፊቷ በርቶ ወጣች፣ የልብስ ሰፊው ልጅ እግሯን እየጎተተች ገባች። ምን ታድርግ፣ ሌላ መልስ አላጠናችም። ታሪኩ እንዳይመሳሰልባት ብላ ሙሽራዋን ራሷን አሳተቻት፣ ውሃ አስረጨችባት፣ ሐኪም አስጠራችላት። በዚህኛው ዙር የሳቀ ሰው አልነበረም፤ አንድ ረዘም ያለ ሳል ብቻ ተሰማ። ስትወጣ በጭምቷ ጆሮ «አንቺ ሌላ ፈልጊ» ብላት ሄደች። ከየት ይፈለግ!

ጭምቷ ገባች። ጠያቂዎቹ ሁለት ናቸው፤ ራሰ በራው የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅና መነጽር ያደረገችው የአስተዳደር ኃላፊ። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እንደ ወትሮዋ ደህና መለሰች። ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። ስለ ብሎን ልታወራ አሰበች፤ ሳምንት ሙሉ የለመደ አፍ ግን ባለቤቱን አይሰማምና «የሠርግ ዋዜማ ነበር» ብሎ ቁጭ አለ።

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ቀይ የጠረጴዛ ልብስ ነበረበት?»

«አዎ… ነበረበት።»

«ቬሎው ሮዝ ሆነ?»

«ሆነ።»

«ለመሆኑ ይቺ ሙሽራ ስንት ጊዜ ነው የምትዳረው?» አለች ኃላፊዋ።

ጭምቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መስኮት የሌለው ሱቅ ከነብሎኑ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። ተነስታ እግሬ አውጪኝ ልትል ቦርሳዋን ስትይዝ፣ የእትዬ ድምፅ መጣባት፤ ቀድመሽ ሂጂ። ቦርሳዋን መልሳ ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«አበላሽቼዋለሁ» አለች። «ታሪኩ የኔ አይደለም። የአጎቴ ሚስት ናቸው ለሦስታችንም ያስጠኑን። በልጆቹ አትፍረዱባቸው፤ ተራዬ ቢቀድም ኖሮ እኔም ሳላፍር እናገረው ነበር። ያላሰብሽው ችግር ገጥሞሽ ያውቃል ላላችሁኝ፣ ይኸው አሁን ገጠመኝ። አንድ መልስ ይዤ መጣሁ፣ እሱኑ በር ላይ ተቀማሁ።»

«እና እንዴት ተወጣሽው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ገና እየተወጣሁት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ኃላፊዋ ግን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። «እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አንዷ ሙሽራዋ ሳቀች አለችን፣ አንዷ ራሷን ሳተች። እውነቱ የቱ ነው?»

«መጀመሪያ አልቅሳለች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ለበሰችው።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እናቴ ናታ! ከነሮዝ ቬሎዋ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች።» ከዚህ በኋላ ጭምቷን ማን ያቁማት። «እትዬ ቬሎውን ታቅፈው ሲመጡ በሩን የከፈተላቸው የእናቴ ወንድም ነበር። ደንግጠው ስለነበር ሙሽራዋ ትሁን ወንድሟ ሳያዩ ‹አበላሽቼዋለሁ› አሉት። እሱም ‹ምንም አይደል፣ ግቢ› አላቸው። በዓመቱ ተጋቡ። ያን ቀን አለቃቸውን ሰምተው ቢዋሹ ኖሮ እኔ እትዬ የሚባል ሰው አይኖረኝም ነበር። እሳቸውን ሳላውቅ መኖር አልፈልግም።»

ይህን ሁሉ መናገሯ ራሷንም ገረማት። ሁለቱ ጠያቂዎች ተያዩ።

«ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ያቺን ቀድማ የገባችውንም ልጅ ለስልክ ክፍል እንፈልጋታለን፤ ሳንፈልግም ሰምተናታል።»

ጭምቷ ከሆቴሉ በቀጥታ እትዬ ቤት በረረች። ልትቆጣ ነበር የሄደችው፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እትዬ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ «ስለ አጎትሽም ነገርሻቸው?» አሉ፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው። ከመዳፋቸው ሥር እንባ ወረደ። ያን በር ከፋች ከቀበሩት ወዲህ ስለ እሱ ሰው ካወራላቸው ብዙ ጊዜ ሆኗል።

ሰኞ ማታ ጭምቷ ከነዩኒፎርሟ ልትታያቸው ጎራ አለች። ሳሎን ሰው አለ፤ የእትዬ ድምፅ ከውጭ ይሰማል።

«…ኢንተርቪው ልትጠየቂ ገባሽ። መልስሽን ግን ሁለት ልጆች ቀድመው ወስደውብሻል። አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ‹አበላሽቼዋለሁ› ትያለሽ!»

«እትዬ» አለች የልብስ ሰፊው ልጅ፣ «ከወሰዱት አንዷ እኮ እኔ ነኝ።»

«ዝም ብለሽ አጥኚ! ለማንም እንዳትናገሪ ብቻ፤ ላንቺ ብዬ ነው።»