ሂና የተቀባ ጥፍር

የቀኝ እጇን አውራ ጣት ጥፍር ተጭኜ ስለቅ ነው ሂናው ትዝ ያለኝ። ረቡዕ ለአክስቷ ሰርግ የቀባኋት እኔው ራሴ ነኝ። በሥልጠናው የተማርነው እንዲህ ነው፦ እጅ ወይም እግር ከታሰረ በኋላ ጥፍሩን ተጫኑት፣ ይነጣል፤ ስትለቁት ወዲያው ካልቀላ ደም እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። የአልፊያ ጥፍር ግን ብጫነውም ብለቀውም ያው ቀይ ነው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ አራት ጊዜ አይቼ «ቀይ ነው፣ ደህና ነው» ስል የነበረው ሂናውን ነው።

አልፊያ ልጄ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የኮልፌ ሰፈራችን የሴቶች ቡድን በረኛ ናት። የቡድኑን የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ የምይዘው እኔ ነኝ። ሙያው ኖሮኝ አይደለም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነው ትዳር የያዝኩት። ለሁለት ቀን ሥልጠና አንድ ሰው ላኩ ሲባል፣ አሰልጣኙ ያደሳ «እትዬ ሰብሪያ፣ እርስዎ ይሂዱ። ባይሄዱም በየጨዋታው ሜዳ መግባትዎ አይቀር» አለኝ።

እውነቱን ነው። ልጅ ስትወድቅ እኔ የሚታየኝ ስትነሳ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሌሊሴ የምትባለው አጥቂ ጡንቻዋ ተሸማቅቆ ስትወድቅ፣ እግሯ ተሰብሯል ብዬ አምቡላንስ አስጠራሁ። አምቡላንሱ ሲደርስ ልጅቷ ጎል አግብታ እየጨፈረች ነበር። ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬን አንስቼ ስሮጥ ልጆቹ በአፋቸው የአምቡላንስ ድምፅ ያሰማሉ። ልጄ ከሁሉም አብልጣ ትጮኻለች።

በዚያ እሁድ ከሰዓት ከማዕዘን የተመታ ኳስ ልትይዝ ዘለለችና በዘረጋችው እጇ ላይ ወደቀች። ሮጬ ስደርስ ክንዷ ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ አብጧል። ካርቶን ቆርጬ ከሥር ደገፍኩት፤ እጇን በሻሼ አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩላት። እስከዚህ ድረስ የተማርኩትን አልሳትኩም።

«ተሰብሯል። ቤቴል ክሊኒክ ሄዳ ራጅ መነሳት አለባት» አልኩ።

ባለቤቴ ሀያቱ ወሬውን ሰምቶ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ያለውን ሱቃችንን ዘግቶ መጥቶ ነበር። «አምቡላንሱስ? ዛሬ አልጠራሽውም?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። አልፊያም ፊቷ እንደ አመድ ሆኖ ሳቀች። «ጋሽ ወልደሰንበት ጋ እንውሰዳት» አለ ሀያቱ።

ጋሽ ወልደሰንበት የሰፈሩ ወጌሻ ናቸው። ሀያቱ ጎረምሳ ሳለ የወለቀ ትከሻውን የመለሱለት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ለሱ ከሳቸው በላይ ሐኪም የለም። አልፊያን ዳበስ ዳበስ አደረጓትና «ወለምታ ነው» አሉ። ቅቤ ቀብተው ሲያሿት ጮኸች። ካርቶኔን ወደ ጎን አደረጉት። ክንዷን ዙሪያውን በቀርከሃ ፍልጥ ከበው በጨርቅ ጠፍረው አሰሩት።

«ጋሼ፣ አልጠበቀም?» አልኳቸው።

«ካልጠበቀ አይይዝም፣ ልጄ። ሰባት ቀን እንዳይፈታ።»

እሺ ብዬ ካርቶኔን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ስላመንኳቸው አይደለም። ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ተሰበረች፣ ሞተች ብዬ ጮኼ አራቱንም ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ አምስተኛውን እኔም አላመንኩትም።

ቤት ከገባን በኋላ ማስታገሻ ሰጠኋት። አልያዘላትም። አመሻሹ ላይ ማልቀስ ጀመረች። አልፊያ ደግሞ አታለቅስም፤ ጥርሷ ሲነቀል እንኳ የጥርስ ሐኪሙን ስትቀልድበት ነበር።

«እማ፣ ውስጡ ሊፈነዳ ነው።»

«ጋሽ ወልደሰንበት ዛሬ ያማታል ብለዋል እኮ» አለ ሀያቱ።

ያኔ ነው ለአምስተኛ ጊዜ ጥፍሯን የተጫንኩት፣ ሂናውንም ያየሁት። ጥፍሯን ትቼ የሁለቱንም እጆቿን ጣቶች ጉንጬ ላይ አደረግኳቸው። የግራዋ ይሞቃል። የቀኟ ከፍሪጅ የወጣ ይመስላል።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። የቱን ጣትሽን ነው የያዝኩት?»

«ገና አልያዝሽኝም እኮ።»

ትንሿን ጣቷን እየቆነጠጥኳት ነበር።

ከቦርሳው መቀሱን አወጣሁ። ሀያቱ ብድግ አለ። «ሰብሪያ! ሰባት ቀን ተብሏል! ከፈታሽው ጠማማ ሆኖ ይቀራል። ልጅቷ እኮ በረኛ ናት!»

«ይጥመም። ብቻ እጅ ይኑራት።»

መቀሱን ከጨርቁ ሥር ለማስገባት እንኳ ቦታ አልነበረም። ቆዳዋን እንዳልወጋው እየፈራሁ ክር በክር ቆረጥኩት። ቀርከሃው ሲላቀቅ አልፊያ ከሆዷ ተነፈሰች። ፍልጡ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ጎድጉዷል፤ በመካከሉ ያለው ሥጋ ወጥቶ ያብረቀርቃል። ሀያቱ ይህን ሳያይ ስልኩን አንስቶ ለወጌሻው ደውሎ ነበር፤ ሊከሰኝ ነው። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ጋሼ፣ ፈታችው! አትንኪ ብላት…»

«ጣቷ ቀዝቅዟል?» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት።

ሀያቱ ወደኔ ዞረ። «በረዶ ሆኗል» አልኩ።

እሳቸውም ሰሙኝ። «ደግ አደረግሽ። እንዲህ ያብጣል ብዬ አልገመትኩም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። መልሰሽ እንዳታስሪው። አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ሀያቱ፣ አንተ ደግሞ አፍህን ዝጋና መኪና ፈልግ።»

ክንዷን በካርቶኑ ከሥር ብቻ ደግፌ በታክሲ ቤቴል ወሰድናት። ምህረት የምትባል ነርስ ተቀበለችን። ስለ ሂናው ስነግራት «ደም ጥፍር ላይ ብቻ ነው እንዴ ያለው? በውስጥ በኩል የጣቷን ሆድ ተጫኚያ» አለችና ተጭና አሳየችኝ። ተናደድኩ፤ በራሴ ነው የተናደድኩት። ራጁ አንዱ አጥንት መሰንጠቁን አሳየ። ሐኪሙ ከሥር ብቻ የሚደግፍ ግማሽ ጄሶ አድርጎላት ሁለት ሰዓት አቆየን። ጣቶቿ ሞቁ፣ ስሜታቸውም ተመለሰ፤ ትንሿ ብቻ ገና ነበረች።

«እጇን በትራስ ከፍ አድርጉት» አለ ሐኪሙ። «በየግማሽ ሰዓቱ ጣቶቿን ፈትሹ። ሕመሙ ከባሰ ወይም ጣቷ መልሶ ከቀዘቀዘ፣ ሳይነጋ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዷት። ነገ ጠዋት ደግሞ እዚህ አምጧት።»

ቤት ስንገባ ሀያቱ በሩን ሊቆልፍ እጁን ሲሰድ «አትቆልፍ» አልኩት። «ልንወጣ እንችላለን።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። ቁልፉን በሩ ላይ እንዳለ ተወው። ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ስቦ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። የታክሲውን ሹፌር ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ትንሿን ጣቷን ነካኋት። «መሰለኝ» አለች።

«መሰለኝ አይሆንም፣ አልፊያ።»

«እሺ፣ አልመሰለኝም።»

በሁለተኛው «የሚወረኝ ነገር አለ፤ ጉንዳን ጉንዳን ይላል» አለች። ሀያቱ ከወንበሩ ተነሳ። እኔም ቀሚሴን አስተካከልኩ። ግን ጣቷ ሞቃት ናት፤ ሕመሙም አልባሰም። ጣቷን በእጄ እንደያዝኩ ቆየሁ፤ እሱም መልሶ ተቀመጠ።

ሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ደረስኩ። ዓይኗን እንደጨፈነች በጣቴ ጫፍ ብቻ፣ በስሱ ነካኋት።

«ትንሿ» አለች። «ትንሿ ናት፣ እማ። ጥፍርሽን ደግሞ ቁረጪ፣ ቧጨርሽኝ።»

የቀለበት ጣቷን ነካሁ፤ አወቀችው። አውራ ጣቷን ነካሁ፤ አወቀችው። ወደ ትንሿ ስመለስ እጇን ነጠቀችኝ። «በቃ! ልተኛ!»

ሀያቱ ከበሩ አጠገብ ያየኛል። «ምን አለች?»

«ልተኛ አለች።»

«ልቆልፍ?»

የልጄን ጣቶች በመዳፌ ይዤ ቆጠርኳቸው፤ አምስቱም ሞቀዋል።

«ቆልፍ» አልኩት። ቁልፉን ሁለቴ አዞረና እጀታውን ገፍቶ መያዙን አረጋገጠ።